እናቴ ከዘፋኙ ኋላ

እናቴን ከቀበርናት ዓመት ካለፈ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሰማኋት።

ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ሰንብቼ ወደ ሸዋሮቢት እየተመለስኩ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ተራራውን የሚያቋርጠውን ዋሻ አልፈን ወደ ቆላው የሚወስደውን ቁልቁለት ስንያያዘው ጉሙ ገለል አለ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ የደራረበውን ማውለቅ፣ መስኮት መክፈት ጀመረ። ያኔ ሹፌሩ በፍላሽ የጫናቸውን የድሮ ዘፈኖች ለቀቀ።

በስልሳዎቹ የተቀዳ፣ ዛሬ ስሙን ብዙ ሰው የማያነሳው ዘፋኝ ሥራ ነው። እሱ ሲያዜም ከኋላ ሴቶች ይቀበሉታል። ከሴቶቹ አንዷ የስንኙን መጨረሻ ታዘገየዋለች። ሌሎቹ ጨርሰው ዝም ሲሉ የእሷ ድምፅ ለአፍታ ብቻውን ይቀራል። እናቴ ልጆቿን ከጓሮ ስትጠራን የስማችንን መጨረሻ ልክ እንደዚያ ነበር የምታንጠለጥለው።

«ወንድም፣ እሱን ከመጀመሪያው ትደግምልኛለህ?» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ብቻ ድገምልኝ።»

ደገመልኝ። በሁለተኛው ላይ ግጥሙንም ሰማሁት፦

ወንዙ ሞልቶ፣ አንተም ማዶ፣ እኔም ወዲህ ቀርቼ፣
እግሬ ባይሻገር እንኳ ድምፄ ይድረስህ ብዬ።

እኛ ክረምት ሮቢ ወንዝ ሲሞላ ከማዶ ዘመዶቻችን ጋር በጩኸት የምናወራ ሰዎች ነን። ይህን የጻፈ ሰው የእኛን አገር ወንዝ ያውቃል አልኩ። ዘፈኑን ሹፌሩ ወደ ስልኬ ላከልኝ። ከመኪናው ስወርድ ግን ለራሴ እንኳ እሷ ናት ለማለት አፈርኩ። እናቴ ቤታችን ውስጥ ዘፍና አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሲዘምር ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ከጀመረ «አጥፉልኝ፣ ራሴን አመመኝ» ትላለች፤ እናጠፋላታለን።

ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ነው የምትኖረው። ደጃፏ ላይ ማንጎ እየላጠች አገኘኋት። ምንም ሳልናገር ዘፈኑን ከፈትኩት። ሴቶቹ ሲቀበሉ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?» አለችኝ። «ይሄን» አላለችም።

ከዚያ በቀስታ ነገረችኝ። እናቴ በልጅነቷ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ለትምህርት ተልካ ነበር። እዚያ አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ገባች። አያቴ «ልጅህ አዝማሪ ሆነች» የሚል ወሬ ሲደርሳቸው ራሳቸው ሄደው ይዘዋት መጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ለአባቴ ዳሯት።

«በሕይወት እያለሁ ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች» አለች አክስቴ። «ግጥሙም የራሷ ነው። ዜማው ደግሞ አኮርዲዮን የሚጫወተው የካራቆሬው ልጅ ነው። አብረው ነበር የሚሠሩት፣ ይፈላለጉም ነበር። ሸክላው ላይ የወጣው ግን የዘፋኙ ስም ነው።»

«ሰውዬው የት አለ?»

«ካራቆሬ ተመልሷል ሲባል ሰምቻለሁ። ካለ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ከእኛ ከተማ በደሴ መንገድ አለፍ ብላ ወደምትገኘው ካራቆሬ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አናውቅም አሉኝ። ከመስጊድ የሚወጡ አንድ አዛውንት ግን ጥቂት አሰብ አድርገው ቤቱን አሳዩኝ። በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። «አባባ ጆሯቸው ደክሟል፤ ቀርበሽ ካልጮኽሽ አይሰሙሽም» አለችኝ።

ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው ረጃጅም። ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ የእናቴን ስም ጠራሁና «ልጇ ነኝ» አልኩ። ፊቴን ሲያዩ ቆዩ።

«እሷስ?»

«አረፈች፣ ጋሼ።»

«አላህ ይርሐማት» አሉ። ቀጥለውም «አዲስ አበባ ነበረች?» አሉኝ።

«ኧረ እዚሁ ነበረች። ሸዋሮቢት።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሸዋሮቢት ከካራቆሬ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ብትሆን ነው! ለካ ሙዚቃውን ትተው ሽንኩርት ሲነግዱ ከዓመት ዓመት ጭነው በደጃችን አልፈዋል።

«ያገባችን ሴት ደጅ ማንኳኳት ነውር መስሎኝ የት እንደገባች እንኳ አልጠየቅኩም» አሉ።

ከዚያ ለልጃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አመጣች። ዘፋኙ ዘፈኑን እንዲያጠናው እናቴ ቀድማ ብቻዋን ያዜመችበት ልምምድ ነው፤ ድሮ ከተቀረጸበት ከትልቁ የስቱዲዮ ክር ወደ ካሴት ያስገለበጡት እሳቸው ናቸው።

«ከጥቂት ዓመት በፊት ከተማው ውስጥ በተነሳው ረብሻ ቤታችን ሲቃጠል እኔ ልብስ ስሰበስብ እሳቸው ይህን ይዘው ወጡ» አለችኝ ልጃቸው። «ያኔም እኮ አይሰሙም ነበር።»

«ቃል በጩኸት ይገባኛል» አሉኝ እሳቸው። «ዜማ ግን ከሄደ ቆየ። ድብልቅልቅ ይልብኛል። አንቺ ስሚልኝ።»

ልጃቸው አሮጌ ቴፕ ከጎረቤት ተዋሰች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ድምፅ ማውጫው ላይ አሳረፉ። ሙቀት ክሩን ጎድቶታል፤ አኮርዲዮኑ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ እየተውረገረገ ጀመረ።

«ገባች?» አሉኝ።

«ገና ነች!»

ከዚያ ገባች። ከማንም ኋላ አይደለችም፤ ብቻዋን፣ ፊት ለፊት። ከእኔ ልጅ የምታንስ ልጅ ድምፅ ነው። እናቴ ብዬ ልጠራት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ገባች!» ብዬ ጮህኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሌላው እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ መሄድ ጀመሩ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ ዜማው ድንገት ተቋረጠና እናቴ ሳቀች። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ሳቋን እንደያዘች አንድ ነገር ተናገረች። እኔም ቃሏን እንዳለ ወስጄ በጆሯቸው ጮህኩት፦

«ቸኮልክ! ቆይ፣ ልተንፍስበት!»

እጃቸው ከቴፑ ላይ ብድግ አለ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ያዩት ግን እኔን አይመስለኝም።

«እሺ» አሉ። «እሺ፣ ቀስ እላለሁ።»

አኮርዲዮኑ እንደገና ጀመረ። እንዳሉትም ቀስ ብሎ። እሳቸው ይህን አልሰሙም። የምንሰማው እኔና ልጃቸው ብቻ ነበርን፤ ተያየን።

ዘፈኑን በስልኬ ቀድቼ ተመለስኩ። ስሰናበታቸው ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ሰው ከጠየቀ ስሟን ቀድሜ እንድጠራ፣ የእሳቸውን ከዚያ በኋላ። ጥቂት ሳምንት ቆይቼ የድሮ ዘፈኖች ለሚያቀርብ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ላክሁለት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሰማው፤ ስማቸውንም በተባለው ቅደም ተከተል ጠራ። አክስቴ ሬዲዮኑን ደጃፍ አውጥታ ለመንደሩ ሁሉ አስደመጠች።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ያንኑ ቀን ደወለልኝ። ቀድሜ ነግሬው ስለነበር ሥራ ቦታው ሆኖ ሰምቷል።

«እንዴት አየኻት?» አልኩት።

«የማላውቃት ሴት ናት» አለኝ።

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁበትም።