ድንጋይ በጆሮ፦ ከአሰላ እስከ ዴራ

12፡30፣ አሰላ

ጭጋጉ ገና ከከተማው ላይ አልተነሳም። ሃያ ስምንት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ አንድ አሮጌ አውቶቡስ፣ አንድ የጂኦሎጂ መምህር፣ ማለትም እኔ፣ በኮት ኪሴ ውስጥ ደግሞ አንድ ደብዳቤ። ሐዋ የምትባል ዓይነ ስውር ተማሪዬ «ለራሷ ሲባል» ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ትዛወር ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። ደግ ሰው ስለሆንኩ ግን ለዛሬ ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል፣ አገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ወንበር ሰጥቻታለሁ።

1፡30፣ ኢተያ

ሻይ በቦምቦሊኖ። በቅርቡ ስለ አሳታፊ ማስተማር ስልጠና ወስጃለሁ። አሰልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻውን ተናግሮ ሲያበቃ «ተማሪዎቻችሁን አናግሩ» ብሎ አሰናበተን። እኔም ትምህርቱ ስለገባኝ ልጆቹን መንገድ ዳር ሰብስቤ ስለ ስምጥ ሸለቆ አርባ ደቂቃ ለፈለፍኩ። ሸለቆው ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ እነሱ ግን አቀርቅረው ይጽፋሉ። «ጥያቄ?» ስል እጁን ያወጣው ሾፌሩ ብቻ ነው።

«መምህር፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

3፡15፣ ዴራ

ኮት የሚያስወልቅ ሙቀት ነው። በደብዳቤው ምክንያት አላወለቅሁም። ልናይ የመጣነው የድንጋይ ማውጫ ካባ ላይ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ጠራቢ ተቀበሉን። ደብተሮቹን አይተው «ምን ይጽፋሉ? ድንጋዩ እኮ እዚህ ነው» አሉ። እሳቸው ሳያደምጡ መሮ አያሳርፉም፤ ደህናው ድንጋይ በመዶሻ ሲነካ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አምስት ድንጋይ ደረደሩና «ዓይን ይዋሻል። ጨፍናችሁ ብልሹውን አውጡ» አሉን።

የመምህር ወግ ነውና እኔ ቀደምኩ። ሦስተኛው ነው አልኩ። ኦቦ ከድር መዶሻውን በትህትና ከእጄ ወስደው ለልጆቹ ሰጡ። ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ መዶሻ እየተቀማሙ ይከራከሩ ጀመር፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሐዋ አንድ በአንድ መታች፣ በመዳፏም ዳሰሰች። «አራተኛው። ስንጥቁ በዚህ በኩል ነው የሚወርደው።»

ኦቦ ከድር መሮውን ሲያሳርፉ ድንጋዩ ባለችው መስመር ለሁለት ተከፈለ።

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው «ይቺን ልጅ ለኔ ተዋት።»

አፈርኩ። ወራት ሙሉ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሳሳያት ኖሬ፣ አይሆንላትም ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ።

9፡00፣ ወደ አሰላ

ዳገቱን ስንያያዘው ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሐዋ የመስኮቱን ወንበር ለሚያይ ሰው ለቃ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«መምህር፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ወረቀት ከጠዋት ጀምሮ ይንኮሻኮሻል። ስሜ ሲጠራ ይብስበታል። የኔ ነው?»

አውጥቼ ምን እንደሚል ነገርኳት፤ ማን እንደጻፈውም። ፊርማ እንደሌለበትና እንደማይኖረውም ጨመርኩ።

«ይቅደዱታ» አለችኝ። «ቀስ ብለው፤ ልስማው።»