ለአያቴ የተረጎምኩት መልስ

ልጅ ሳለሁ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለት መጀመሪያ ነበረው። ትምህርት ቤት ውስጥ የተጀመረው ጀርመን ፖላንድን ስትወር ነው፤ ሰንሻይን ዌስት በሚባለው የስደት ሰፈራችን በነበረው ቤታችን ግን ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቀድሞ፣ የጣልያን ጦር መረብን ሲሻገር ነበር። የመማሪያ መጽሐፌን ገልጬ ባሳያቸው አያቴ መነጽራቸውን እንኳ አላነሡም። «ማን ነው የጻፈው? እሱን ሳታውቂ የጻፈውን እንዳታምኚ» አሉኝ።

አባባ እላቸው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያኔ እናቴ ከተማ መሃል ለጽዳት ሺፍቷ ስትወጣ፣ ምሽቱን እኔና እሳቸው መብራቱን አጥፍተን በጋዝ ማሞቂያው ቀይ ብርሃን ፊት እንቀመጥ ነበር። ተረት አያውቁም፤ የሚያወሩልኝ ጦርነቱን ብቻ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር «አንዱ ሲነካ ሁላችንም ተነካን» ብሎ ምሎ ሲያበቃ እንዴት ፊቱን እንዳዞረ፣ ከአውሮፕላን የሚወርደው መርዝ ሣሩን እንዴት እንዳጠወለገው፣ እሳቸው በሸዋ ተራሮች ከአርበኞች ጋር ምን በልተው እንዳደሩ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ስታሊንግራድ ላይ የጀርመን ጉልበት ሲሰበር ወሬውን በሬዲዮ እንዴት እንደሰሙ። ከሁሉ ግን አዘውትረው የሚያነሡት ባንዳን ነበር። «ጠላት ከፊትሽ ነው የሚመጣው፤ ባንዳ ግን አብሮሽ ይበላል» ይሉኝ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ሚስተር ቪቶ የሚባል ሽማግሌ ጣልያናዊ ይኖር ነበር። በዕድሜው አንቱ ሊባል ይገባው ነበር፤ እኛ ቤት ግን አንቱ ተብሎ አያውቅም። በየክረምቱ የወይን ሐረጉን ቆርጦ ቅርንጫፉን በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ሲያነድ ጢሱ ሳሎናችን ይገባል፤ አባባም ተነሥተው መስኮቱን ይዘጉታል። ሎሚ በከረጢት ሲያቀብለን ከነከረጢቱ ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉታል። እናቴ «ጌታ ጠላታችሁን ውደዱ ብሏል» ብትላቸው፣ «መጀመሪያ ጠላቴ መሆኑን ላጣራ» አሏት። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ታዲያ ያኔ የት ነበር?» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጢሱ ሲበረታ ጋቢያቸውን ደርበው እጄን ያዙና ወደ አጥሩ ወሰዱኝ። «በጦርነቱ ጊዜ የት እንደነበር ጠይቂው» አሉኝ።

ጠየቅሁት። ሚስተር ቪቶ መቀሱን አስቀመጠ፤ ቆቡንም አወለቀ።

«በእናንተ አገር ነበርኩ» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ። «ሦስት ዓመት የጭነት መኪና ነዳሁ። አንዳንድ ቀን ሰዎች ይጫኑ ነበር። ወዴት እንደሚወሰዱ አልጠየቅሁም። እንደማፍር ንገሪያቸው።»

የአባባ እጅ የአጥሩን ጣውላ ጨምድዶ ይዟል። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ዓይናቸው ግን ከሰውዬው ፊት አልተነሣም።

«ምን አለ?»

በዚያ ሳምንት መጽሐፌ ውስጥ ያየሁት፣ የጣልያን ጦር የተማረከበት የሊቢያ ካርታ መጣልኝ። «ሊቢያ ነበርኩ ነው የሚለው። ወዲያው ተማረክሁ አለ።»

ወደ እኔ ዞረው አተኩረው አዩኝ። «ይህን ሁሉ አውርቶ ሊቢያ ብቻ?»

«አዎ፣ አባባ።»

 ከዚያ እጃቸውን በአጥሩ ላይ ዘረጉለት። ሚስተር ቪቶ በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ወደ ቤት ስንገባ አባባ፣ «ስለ ሊቢያ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩ ዳር ወንበር አውጥተው በበርሜሉ ፍም ይሞቁ ጀመር፤ እኔ መሃል ቆሜ እተረጉማለሁ። ሚስተር ቪቶ ስለ ተራራ መንገድ ሲያነሣ በረሃ አደርገዋለሁ፤ ዝናብ ሲል አሸዋ እላለሁ። አባባ አንዳንዴ «በሊቢያ ወንዝ አለ እንዴ?» ብለው ይጠይቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ እሳቱ ይዞራሉ። እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ፤ እውነቱ የገባቸው ይመስለኝ ነበር። ባንዳ የሚለውን ቃል ባነሡ ቁጥር ደግሞ ዓይኔን መሬት ላይ እተክል ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ክረምት አባባ አረፉ። ሚስተር ቪቶ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ለቅሶ መጣ፤ ሰው በሞላበት ሳሎን አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ያደረግሁትን ሁሉ እያወቁ እጃቸውን ሰጡኝ» አለኝ። «ከቄስ ያላገኘሁትን ከእሳቸው አገኘሁ።»

እናቴ ከወዲያ ማዶ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«አዝኛለሁ ነው የሚለው» አልኳት።

አሁን እሱም የለም። ዕድሜዬ ሲገፋ ሁለቱን ሽማግሌዎች ያስታረቅሁ ጎበዝ ልጅ ነበርኩ ብዬ ልጽናና ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። መርዙን ያዩት፣ ወዳጆቻቸውን የቀበሩት አባባ ናቸው፤ እምቢ ማለትም ይቅር ማለትም የእሳቸው ነበር፣ እኔም በአሥር ዓመቴ ከእጃቸው ወሰድሁባቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰውን ዓይን አይተው ልቡን የሚያነቡ አርበኛ በአንዲት ልጅ ቃል ተታለሉ ብሎ ማመን ያቅተኛል። ያን ቀን እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ያዩት እኔን ነበር። ምሕረቱን የሰጡት ለእሱ ይሁን ለዋሸኋቸው ለእኔ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።