ጥሩምባውን የተካው ቦት

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ሊቀመንበሩ አቶ ኦሊቃ ወጣቱን ሰይፈሚካኤልን አስጠሩና «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ ለቀብር በቴሌግራም የሚጠራን ነገር ሥራልን» አሉት። አዳማ ላይ ስልክ ከመጠገን ያለፈ ሥራ አምኖ የሰጠው ሰው ስላልነበረ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ።

ከኢንተርኔት ለጀማሪ የተዘጋጀ ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም አወረደ፤ ቴሌግራም የሰጠውን የይለፍ ቁልፍ አስገባበትና አስነሳው። ጸሐፊው የሟቹን ስም ሲጽፍ ቦቱ ለአባላቱ ሁሉ ያደርሳል። አባል መልሶ ከጻፈለት ግን አብሮት የመጣውን ሰላምታ ከመድገም በቀር ሌላ አያውቅም። ሰይፈሚካኤል «እሱን ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ። ነገ ማለት ሲወድ! ለሙከራ ዱከም ፋብሪካ የምትሠራውን እህቱን ልዩን መዘገባት። «ጎበዝ ወንድሜ!» ብላ ጻፈችለት፤ ስሟም ከአባላቱ ዝርዝር ሳይሰረዝ እዚያው ቀረ።

ሰኔ ላይ አባታቸው አቶ ሐዲስ በቀትር ድንገት አረፉ። ሰይፈሚካኤል እንባውን ዋጥ አድርጎ ያሰበው ልዩን ነበር፤ ለአባቷ ያላት ፍቅር ያስፈራል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ከአክስቱ ጋር ዱከም ዘመድ ቤት ሊያድሩ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ከቧት ሊነግሯትና ለቀብሩ ይዘዋት ሊመለሱ ተስማሙ።

የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሞጆን ሲያልፍ ልዩ ደወለች። ድምፄ ያጋልጠኛል ብሎ አላነሳም። ደጋግማ ስትደውል ስልኩን አጠፋው።

ዱከም ሲወርዱ የእድሩ አባል የሆነችው አክስቱ ስልኳን ከፈተች፤ የቦቱ መልእክት ደርሷታል። «አባላችን አቶ ሐዲስ ማናሴ ስላረፉ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው» ይላል። ጸሐፊው ምን አጠፋ? የታዘዘውን ነው የሠራው። ሰይፈሚካኤል የእህቱ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ትዝ ሲለው አክስቱን ይዞ ወደ ፋብሪካው ሮጠ።

ልዩን ፋብሪካው በር ላይ ብቻዋን መሬት ተቀምጣ አገኟት። አላለቀሰችም። ስልኳን ዘረጋችለት። «አባዬ ነው?» ብላ ለቦቱ ጽፋለች።

«ሰላም! እንኳን ደህና መጡ! ምን ልርዳዎት?»

«ሰይፌ፣ አንተ ነህ? በእናትህ ንገረኝ፣ የኛ አባት ነው?»

«ሰላም! እንኳን ደህና መጡ! ምን ልርዳዎት?»

ከዚያ በታችም እስኪደክማት ለምናዋለች።

«አንተ መስለኸኝ እኮ ነው» አለችው።

ሰይፈሚካኤል ስልኩን እንደያዘ አጠገቧ መሬት ተቀመጠ።