ንጹህ ደም፣ ያበጠ ጉልበት

የመካኒሳ አቦ ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበላሽበት የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከማሽን መመሪያ ላይ እየገጣጠምኩ ራሴ ለመድኩት። በእድር ሰብሳቢነትም የሚተካከለኝ እስካሁን አልተገኘም። ይህን የምናገረው የልጅ ልጄ በታመመች ጊዜ የደም ውጤቷን ያነብ የነበረው ማን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ልጅቷ ገና ትምህርት እንደጀመረች ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። የሕፃናት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ተባለ። ሐኪሟ፣ አንደበቷ ለስላሳ የሆነ ሴት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችላት፤ በየጊዜውም ደም እንድትሰጥ አደረገች። የምንከታተለው ሁለት ቁጥር ነበር። ኢኤስአር የሚባለው ቀይ የደም ሴሎች በቀጭን ብልቃጥ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዘቅጡ ያሳያል። ሲአርፒ ደግሞ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመነጨው ነገር ነው። ከፍ ካሉ በሽታው ነቅቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ወረቀቱን ጎፋ ካለው ላቦራቶሪ ተቀብዬ ቤት ሳልደርስ ታክሲ ውስጥ አንብቤ እጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱም ቁጥሮች ወርደው ደህና ሆኑ። ቤታችን እልል አለ። የሕፃኗ እናት፣ ልጄ፣ ለአቦ ጃንጥላ ተስላ ነበርና ስለቷን አስገባች። ከዚያ ኪኒኑን አቆመችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ስለቴ ሰምሯል አባባ። ከዳነች በኋላ ኪኒን ማስዋጥ አቦን መጠራጠር ነው።»

«ቁጥሩን ያወረደው ኪኒኑ ቢሆንስ?»

«እርስዎ ደግሞ ልጄን ሬዲዮ አደረጓት!»

ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ጉልበቷን ዳሰስኩት፤ አብጧል፤ ይሞቃል። ደሟን አስመረመርኩ፤ ቁጥሩ አሁንም ደህና ነው። ልጄ ወረቀቱን ፊቴ ላይ እያውለበለበች፣ «ይኸው! ያነበቡት እርስዎ ነዎት!» አለችኝ። እኔ ግን ልጅ ስታነክስ እያየሁ በወረቀት የምታለል ሰው አይደለሁም። በዚህ ከቀጠለ ጉልበቷ ተጣሞ ሊቀር ነው።

ከእናት ጋር በስለት ጉዳይ መከራከር እንደማያዋጣ ስለማውቅ የነፍስ አባታችንን ይዤ መጣሁ። አባ ገና ከመቀመጣቸው፣ «ልጄ፣ ስለትሽ ደርሷል፤ ጃንጥላውን የተቀበልኩት እኔው ነኝ» አሏት። «ታዲያ አቦ መድኃኒቱን አስጥዪ ብለው ላኩብሽ? ጠበሉንም ትጠጣ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ። ሐኪሟም የእግዜር ናት።»

ልጄ እንባዋን ጠርጋ መስቀላቸውን ተሳለመች።

በማግስቱ ሐኪሟ ጉልበቷን አጥፋ ዘርግታ አየችና፣ «አባባ፣ እንኳን አመጧት» አለችኝ። «ደሙ አንድ ምስክር ብቻ ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ መገጣጠሚያው ሊቆጣ ይችላል። ጉንፋን ሲይዛት ደግሞ በሽታው ሳይነሳ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል።» ኪኒኑን መልሳ አስጀመረቻት፤ ሕመሙ ድምፅ ሳያሰማ ዓይን ስለሚነካም ዓይኗን አስመረመረችልን።

ዛሬ ጀሞ ባለው ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜ ስትሮጥ አያታለሁ። ፈጣሪ ይመስገን። ሐኪሟንና አባን ባመሰግናቸው አልጠግብም። ራሴንም አልረሳም፤ የሠራሁት ይህ ነውና፦

የደም ውጤት ማንበብ ያለ አስተማሪ ተማርኩ።
ወረቀቱ ደህና ናት ሲል ጉልበቷን ዳሰስኩ።
ትክክለኛውን ሽማግሌ መርጬ አመጣሁ።
ልጄን ሳላስቀይም ኪኒኑን እንደገና አስጀመርኩ፤ አሁን ቀኑን ጠብቃ የምታስውጣት ራሷ እናቷ ናት።