የናስር ሰከንዶች

ናስር የሚተዳደረው ሰከንድ በመቁጠር ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ምርምር ክፍል ነጭ አይጥ በጋለ የብረት ሰሌዳ ላይ ያስቀምጥና መዳፏን እስክትልስ ይቆጥራል። ቶሎ ከላሰች አሟታል፤ ከቆየች መድኃኒቱ ሠርቷል። እንዳትቃጠል ግን ሃያ ሲሞላ፣ ባትልስም ያነሳታል። ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ሕጉ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ቢጫ ዱቄት ሴሌኒየም የተባለ ማዕድን ያለበት ውህድ ነበር። አለቃው ዶክተር ዓይናለም እንዳስረዱት፣ ያበጠ ሥጋ የሚረጨው ጎጂ ኦክስጅን የሕመም ነርቩን ይቆሰቁሰዋል፤ ሴሌኒየሙ ያንን ያከሽፋል። ሞርፊን የሚሠራበትን መንገድ የሚዘጋ መርፌ ሲወጉም የአይጦቹ እፎይታ አልጠፋም። ዱቄቱ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

የናስር ጥፋት ይህን ሁሉ ለእናቱ ማውራቱ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ! እናቱ ራቢዓ አራዳ ገበያ ባለው ሱቋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆማ ጨርቅ ስትለካ ጉልበቷ አልቋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። አንዴ ግንባሯን መሬት ብታስነካ ሌላ አትመኝም።

«ምነው ልጄ፣ ለአይጥ የሰጠኸውን ለእናትህ ነፈግሃት?»

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ሲል መነሳት ያምረዋል፤ ሲነሳ የሚሄድበት ይጠፋዋል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ቁንጥር ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ራሱን ጠላ፤ ግን አልመለሰውም።

የዚያኑ ዕለት እግራቸው ይጸና እንደሆነ ለማየት አይጦቹን በሚሽከረከር ዘንግ ላይ አወጧቸው። ብዙ ዱቄት የወሰዱት፣ ሰሌዳው ላይ ሃያ የሞሉት ጀግኖች፣ አንድ በአንድ ወደቁ።

«ሕመሙ መች ለቀቃቸው» አሉ ዶክተር ዓይናለም። «እግራቸው ከድቷቸው ነው መዳፋቸውን ያልላሱት። ትንሽ የወሰዱት ግን አልወደቁም፤ ተስፋው እዚያ ነው። ለሰው ገና ነው።»

ናስር ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ወስደው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። እናቱን ምን ብሎ ተስፋ እንደሚያስቆርጣት እያብሰለሰለ ወደ ቤት ሄደ።

በሩን ሲከፍት ራቢዓ መስገጃዋ ላይ ናት፤ ግንባሯ መሬት ነክቷል! ልማድ ሆኖበት መቁጠር ጀመረ። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ... ያለ መድኃኒት! ሠላሳ አራት ላይ ድምጿን ሰማ።

«ናስር፣ አንሳኝ። መነሳት አቃተኝ።»

ብብቷን ይዞ አነሳት። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«በኔ የተነሳ ስትቅበጠበጥ ባይህ፣» አለች፣ «ተሻለኝ ልልህ ነበር።»

ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። አይጥ ብትሆን ሃያ ላይ አንስቷት ነበር።