ለብረት በር የተሰጠ አውራ ጣት

የትምህርት ቤታችንን በር እጠላዋለሁ። ጠዋት ከከተማው፣ ከሲቀላ ሰፈር፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ላንቴ መንደር በሚወስደው መንገድ ስሄድ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ከሩቅ ይታየኛል፤ ያኔ ፊቴ ይኮሳተራል። ከላዩ «እንኳን ወደ እውቀት ገበታ በደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አለ። አንድ ባጃጅ ነጂ «ቲቸር፣ ኮሌጅ እኮ ነው የሚመስለው» ቢለኝ ሒሳቡን ከፍዬ ወረድኩ።

የምጠላው አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም። ሲቆም የእኔም እጅ ስላለበት ነው።

ነገሩ የጀመረው ርዕሰ መምህራችን የአመራር ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ነው። ከዚያ በፊትም ብዙ የሚወደድ ሰው አልነበረም፤ ግን ቢያንስ ዝም ይል ነበር። ሲመለስ ሰርተፍኬቱን መስታወት አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እውነተኛ መሪ» የሚለው ቃል ከአፉ ተለይቶ አያውቅም። እውነተኛ መሪ ራዕይ አለው። እውነተኛ መሪ ማኅበረሰቡን ያሳትፋል። ጠመኔ አለቀ ብለን ብንነግረው እንኳ እውነተኛ መሪ በችግር ውስጥ ዕድልን እንደሚያይ አስረድቶ ይሸኘን ነበር። ጠመኔውን ከኪሳችን ገዛን።

ራዕዩ በር ሆኖ ተገኘ። እኔ የማስተምርበት ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያው ቀዳዳ ሥር ያሉት ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። የሴቶቹ ሽንት ቤት መዝጊያ ስለሌለው አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ሹራቧን ዘርግታ ደጁ ላይ ትቆማለች። «በር ካሠራን አይቀር ከሽንት ቤቱ ብንጀምርስ?» አልኩት። ቀልድ የነገርኩት ይመስል ፈገግ አለ።

«ጎብኚ የሚያየው የግቢውን በር ነው» አለኝ። «ትምህርት ቤት የሚመዘነው ከበሩ ጀምሮ ነው።»

መንግሥት ትምህርት በነፃ ነው ይላል። እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያው ብዬ አስተምራለሁ፤ ስናገረው ግን ያሳፍረኛል። ዩኒፎርሙ አለ፣ ደብተሩ አለ፣ ጫማው አለ። የፈተና ወረቀት ማባዣ አለ፣ የዘበኛ ደመወዝ ማሟያ አለ። አንዱን ዓመት መዋጮ ይሉታል፣ በሚቀጥለው ድጋፍ፣ ከዚያ ደግሞ ተሳትፎ። ስሙን በቀየሩ ቁጥር እናቶቹ ያው አንዱን የሙዝ ማሳ ነው የሚያዩት።

ስብሰባ ተጠራ። የወላጅና መምህራን ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም፣ የመጡትን የምመዘግበውም እኔ ነኝ። የመጡት አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ በአማርኛ ረጅም ንግግር አደረገ። ጋሞኛ የሚችል አንድ መምህር ላስተርጉም ብሎ ቢነሳ «ይገባቸዋል» ብሎ አስቀመጠው። እኔ ራሴ አባቴ ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እዚሁ ተወልጄ ጋሞኛ የምሰማው ገበያ ላይ የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ነው። ግን ያን ቀን ማንም እንዳልገባው ለማየት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

እሱ ሲናገር እኔ የስም ዝርዝሩን ይዤ በየአግዳሚው ዞርኩ። መፈረም የማይችሉትን አውራ ጣታቸውን ይዤ፣ የማኅተም ቀለሙን አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳርፍ ነበር። አፈር ሲቆፍር የኖረ ጣት ጠንካራ ነው፤ ካልጫኑት አሻራው አይወጣም። «ይሄ ምንድነው?» ላሉኝ ሁሉ «መምጣታችሁን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» አልኳቸው። በዚያ ሰዓት እውነት ነበር።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «ሰምተናል» አሉ። «ሄደን እንነጋገርና እንመለሳለን።»

እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጋሞዎች የጋራ ነገር እጅ በማውጣት አይቆርጡም። ሁሉም እስኪናገር፣ ያልተስማማው ልቡ እስኪመለስ ይቀመጣሉ። «ሄደን እንነጋገር» ማለት ገና አልተስማማንም ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩ ብዙ ዓመት እዚህ ኖሯል፤ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቀዋል።

ሰው ከተበተነ በኋላ ቢሮው አስጠራኝ። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል ብለሽ ጻፊና አቴንዳንሱን አያይዢው» አለኝ።

«አልተስማሙም እኮ።»

«የተቃወመ ሰው አየሽ?» አለና የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ። የደረጃ እድገት ማመልከቻዬ ከወረቀቶቹ ሁሉ በላይ ተቀምጧል። መልሶ ዘጋው።

ጻፍኩ። ተገድጄ ነው ማለት እችል ነበር፤ ግን ማንም እጄን አልያዘኝም። ደረጃውን ፈልጌ ነው። ፈሪም ሆዳምም ነበርኩ። «በሙሉ ድምፅ» የምትለውን ቃል በዚያ ሁሉ ሰው በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ ጻፍኳትና ወረቀቶቹን በስፒል አያያዝኳቸው።

መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ ሳይሆን በልጅ ቁጥር መሆኑን ወላጆቹ የሰሙት ልጆቻቸው ከክፍል ሲመለሱ ነው። የመሰብሰቡን ሥራ ለእኛ ለክፍል ኃላፊ መምህራን ሰጠን። ያልከፈሉት ስማቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይጠራል፣ ወደ ቤት ይላካል። ብዙዎቹ ተበድረውም ሸጠውም ከፈሉ። በሰሌዳዬ ላይ እስከ መጨረሻው የቆየው የአንዲት ልጅ ስም ነው። ጎበዝ የምትባል አይደለችም፤ መካከለኛ ናት። ጥሬ ማንጎ በጨው ደብቃ ስትበላ ስንት ጊዜ ይዣታለሁ። ግን አንድ ነገር ካልገባት እጇን አታወርድም፣ ደወል ቢደወልም አታወርድም። እናቷ ላንቴ የሰው መሬት ላይ የእኩል ሙዝ የምታለማ ሴት ናት። እኛ ጋ ሦስት ልጆች ስላሏት ሦስት ጊዜ ተጠየቀች።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ያልከፈሉትን ልጆች አድሚሽን ካርድ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ያለዚያ ካርድ ፈተናው ክፍል መግባት አይቻልም። ዓመቱን ሙሉ እጇን ስታወጣ የኖረች ልጅ ለአንድ ብረት በር ተብሎ ዓመቷ ሊቃጠል ነው ማለት ነው።

እናትየው ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው መጣች። ገንዘብ ይዛ አልመጣችም፣ ለልመናም አልመጣችም። ተስማማሽ የተባለችበትን ወረቀት አሳዩኝ አለች። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን አወጣና ከስሟ ፊት ያለችውን ሐምራዊ አሻራ በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረጋት።

«ይኸውልሽ ጣትሽ። ያንቺ አይደለም በይ እስቲ።»

ጣቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሁልጊዜ አንተ ነው የምትለኝ፣ አርሜያትም አላውቅም።

«ቲቸር፣ አንተ ነህ ጣቴን የያዝከው» አለችኝ። «ያን ቀን ምን አልከኝ?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ። ውጭ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ነበር፤ ያን ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ይመስል በትኩረት ተመለከትኩት። እናትየው ትንሽ ጠበቀችኝና ወጣች። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ መዝጋቷ ከስድብ በላይ አመመኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ርዕሰ መምህሩን ዱቡሻ ጠሩት። ዱቡሻ ጋሞዎች ነገራቸውን ሁሉ የሚያዩበት፣ ዛፍ ያለበት ሜዳ ነው፤ እዚያ መዋሸት ጎሜ ነው ይላሉ፣ ጎሜ ደግሞ የሚዋሸውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም የሚከተል ነውር ነው። እሱ አልሄደም። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ዛፍ ሥር አልዳኝም» አለና ቃለ ጉባኤውን አስይዞ እኔን ላከኝ። እውነተኛው መሪ ቢሮው ቀረ።

ሣር ላይ አስቀመጡኝ። መርቀው ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ አንዱ ቁጭ ሳይል ሌላው አይነሳም። በሕይወቴ የተቀመጥኩባቸው የመምህራን ስብሰባዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ፣ አፍ ከአፍ የምንነጣጠቅባቸው። ሰዎቹ ስለ ገንዘቡ ይጠይቁኛል ብዬ የመዋጮውን ዝርዝር አጥንቼ ሄጄ ነበር። ስለ ገንዘቡ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ያን ቀን ስብሰባው ላይ የተነሱት ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ጣታችንን ስትወስጂ ወረቀቱ ምንድነው አልሽን?»

በጎሜ አላምንም። ያኔም አላመንኩም። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀኝ፣ እናትየው ከኋላ ቆማ ሳትገላምጠኝ ስታየኝ፣ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት።

«መምጣታችሁን ነው ብያለሁ» አልኩ። «መስማማታችሁን አላልኩም። በሙሉ ድምፅ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።»

ማንም አልሰደበኝም። «እንግዲያው ይህንኑ ጻፊው» አሉኝ። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ የስም ዝርዝሩን ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ ይህ አሻራ የመገኘት ብቻ ነው፣ ስለ በሩ መዋጮ የተስማማ የለም ብዬ። አንድ ወጣት በጋሞኛ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ቀለሙን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሁሉም በየተራ እየመጡ ጀርባው ላይ እንደገና አሻራቸውን አሳረፉ።

ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠሁትና ካርዶቹ ካልተሰጡ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ነገርኩት። ሳቀ። «መጥተው ምን ሊሆኑ?» አለ።

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት መጡ። ያኔ የበሩ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ብረቱ ገና አልተገጠመም። በምሰሶዎቹ መካከል፣ ጋሞዎች ለዕርቅ ሲለምኑ የሚይዙትን፣ አልፎ መሄድ ነውር የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። አልጮኹም፣ ማንንም አልከለከሉም። ተማሪዎቹ በጎን በኩል ጎንበስ እያሉ አለፉ። ርዕሰ መምህሩ በኋላ አጥር ዞሮ ገባ፤ ሱሪው ላይ ጭጎጎት ተጣብቆበት አየሁ፣ ደስም አለኝ። ያን ቀን ደግሞ ከወረዳ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰዓቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ጎብኚ የሚያየው የግቢውን በር ነው ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው።

«ስጪያቸውና ይነሱልኝ» አለ።

ልጅቷ ተፈተነች። አለፈችም፣ በመካከለኛ ውጤት። የእኔ ደረጃ እድገት በዚያ ዓመት ቀረ፤ አስተያየቱ ላይ «የአመራር መንፈስ ይጎድላታል» ብሎ ጻፈልኝ። ሳነበው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ኮፍያና እስክሪብቶ ሰጥተውኛል። ሰውን እስከ መጨረሻው ስለመስማት የተናገረ አሠልጣኝ ግን አልገጠመኝም።

በሩ መቆሙ አልቀረም። የተሰበሰበውን የመለሰ የለም፤ የጎደለውን ከየት እንደሞላው አላውቅም። ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ፣ ርዕሰ መምህሩ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ተናገረ። በሳምንቱ ቢሮው ስገባ ከሰርተፍኬቱ ጎን አዲስ መስታወት ተሰቅሎ አገኘሁ። የስም ዝርዝሩ ነው። ያ ሁሉ ሐምራዊ አውራ ጣት ተደርድሮ ያምራል፤ ከሥሩ «የማኅበረሰባችን ተሳትፎ» የሚል በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ጀርባው፣ የጻፍኩት እውነት ያለበት ጀርባው፣ ከግድግዳው ጋር ነው። እንግዳ ሲመጣ ያሳያል። እኔም ሻይ ሳቀርብ አያለሁ፣ ገልብጬ ሰቅዬው ግን አላውቅም።

መስከረም ላይ ለምዝገባ ጠረጴዛ አውጥተን በሩ ሥር ተቀመጥን። እናትየው ሁለተኛ ልጇን ይዛ መጣች። ሰላም አለችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። የምዝገባ ቅጹን ስሰጣት ወሰደችና መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጣ አየች። ባዶ ነው። ከዚያ ፊቱን አነበብኩላት፣ ልጇም በጋሞኛ ደገመላት። ቀለሙን ከፈትኩ። ዓመታት የለመደ እጄ ሳላስበው ተዘርግቶ አውራ ጣቷን ሊይዝ ሄደ።

እጇን ሰበሰበች። አልተቆጣችም።

«ተው ቲቸር» አለችኝ። «እኔ ራሴ።»

ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ አጥብቃ ተጫነችው፤ እኔ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆየሁ።