የመርሳው በያጅና ዘንግ አልባዎቹ አበቦች

መርሳ ከተማ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሰው ሁሉ ሽፈራውን ያውቀዋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላሜራ የሚሉትን ዝርግ ብረትና ቱቦላሬ የሚሉትን ቀጭን የብረት ቱቦ ሲቆርጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ወሬ አያበዛም። ደንበኛ "መቼ ይደርስልኛል?" ሲለው ቀኑን ይነግረዋል፤ በተባለው ቀን በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ከሥራው ሁሉ የሚኮራው በመጋጠሚያው ነበር። ሌላው በያጅ የብየዳውን ጠባሳ በቀለም ይሸፍናል፤ ሽፈራው ግን አውራ ጣቱን በመጋጠሚያው ላይ አንሸራትቶ እንቅፋት ካላገኘ ብቻ ነው "በሉ አሁን ቀለም ቀቡት" የሚለው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራው ከልክ አለፈ። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ያልተገነጠለ በር፣ ያልተጣመመ መዝጊያ አልነበረም። ሰው ቤቱን ሳይዘጋ እንዴት ይተኛ? ሽፈራው ከንጋት እስከ ምሽት በየደ። የፊት መከላከያው መስታወት ሲሰነጠቅበት ምትክ አጣ፤ በጥቁር የፀሐይ መነጽር መሥራት ጀመረ። ለጥቃቅን ሥራማ መነጽሩንም አያደርግም፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብረቱን ነካ ያደርግና ይቀጥላል። ማታ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስለዋል። ሚስቱ በላይነሽ ድንች ከትፋ ዓይኑ ላይ ታደርግለታለች፤ ጠዋት ተነሥቶ ይሄዳል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከርሞ፣ አንድ ቀን የያዘው ሜትር ላይ ያለው ቁጥር ጠፋበት። ጠርዝ ጠርዙ ይታየዋል፤ መሐሉ ግን ደብዝዟል። ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ቁጥሩ ብቅ ይላል፤ አተኩሮ ሲያየው ይጠፋል። ለማንም ሳይናገር ደሴ ሄዶ ተመረመረ።

"የዓይንዎን መሐል ያቃጠለው የብየዳው ብርሃን ነው" አለው ሐኪሙ። "የተቃጠለው አይመለስም። ከቀጠሉ ግን የቀረውም ይሄዳል።"

ቤቱ ሲመለስ ለበላይነሽ የነገራት "ትንሽ ዕረፍት አድርግ ተባልሁ" ብቻ ነው። የሥራ ቤቱን ከነመሣሪያው ዓሪፍ ለሚባል ጎረቤት በያጅ አከራየውና ቤት ዋለ።

ሥራ ለለመደ ሰው ቤት መዋል ከባድ ነው። በላይነሽ ሁለት የወተት ላሞች አሏት፤ ወተቱን ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። ሽፈራው የሣር ማጨዱን ሥራ ከእሷ ላይ ወሰደ። ጠዋት ጠዋት ከመስኖው ቦይ ዳርና ዳር እየተንበረከከ ያጭዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሸክሙን ስታራግፍ ትቆጣዋለች።

"ኧረ አንተ ሰው! ግማሹ እኮ ተለንጅ ነው። እኔ ላሞቼን ሣር ነው የማበላ።"

"ቸኩዬ ነው" ይላል። አለመቸኮሉን ግን ራሱ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ከማጨዱ በፊት መዳሰስ ጀመረ። ግራ እጁ ቀድሞ ይሄዳል፤ ማጭዱ ይከተላል። ተለንጅ የሚባለውን አረም መለየት አላስቸገረውም። ረዘም ባለው ጭራው ላይ አበባዎቹ ወደ ታች ተደፍተው፣ አንድ በአንድ ከአገዳው ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ጣቱን ከላይ ወደ ታች ሲስበው ይለሰልሳል፤ ከታች ወደ ላይ ሲስበው ይወጋዋል። ሱሪው ላይ የሚጣበቀውም ያው የአበባው ፍሬ ነው። ሌላው አረም ደግሞ ፍሬውን በቀጭን ክር ያንጠለጥላል፣ ሌላው ቅጠሉን በረጅም እጀታ ይይዛል። ሽፈራው ሣር ማጨዱን እየተወ እነዚህን መጋጠሚያዎች ሲዳስስ የሚቆይበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። ነገሩን ለማንም አላወራም፤ ምን ብሎ ያወራል?

በነሐሴ መጨረሻ ሴት ልጁ ቤዛዊት ከወልድያ መጣች። ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ሕክምና ፈልጋ ነጥቡ ስላልበቃት የገባችበት ትምህርት ስለሆነ፣ ስለ ትምህርቷ ስትጠየቅ ፊቷ ይጠቁራል። አሁን ደግሞ ትምህርት ሲከፈት ሃያ ዓይነት የዱር አበባ ሰብስባ፣ በጋዜጣ መካከል ጨፍልቃ አድርቃ፣ የእያንዳንዱን መለያ ጽፋ እንድትመለስ ታዝዛለች።

"ሳር ቅጠል ልልቀም?" አለች ሻንጣዋን እያስቀመጠች። "ሌላው ሰው ያክማል፤ እኔ አረም አደርቃለሁ።"

"እኔም የማጭደው እሱኑ ነው" አላት አባቷ። "አብረን እንሂዳ።"

ሦስት ቀን በወንዙ ዳር ዞሩ። እሷ መጽሐፏን እያገላበጠች ታነባለች፤ እሱ እየዳሰሰ ያቀብላታል። ያን ጊዜ ነው በመጽሐፉ ቋንቋ ያስተማረችው። ቅጠልን ከአገዳው የሚያገናኘው ቀጭን እጀታ ዘንግ ይባላል። አበባም፣ ፍሬም የራሳቸው ዘንግ አላቸው። አንዳንዱ ተክል ግን ዘንግ የለውም፤ ቅጠሉ ወይም አበባው ወይም ፍሬው በቀጥታ አገዳው ላይ ይቀመጣል።

"ማለት፣ ቱቦላሬ ሳይገባ ላሜራው ከላሜራው ጋር ተበየደ በይኛ" አላት።

ቤዛዊት ሳቀች። "ፈተና ላይ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።"

በሁለተኛው ቀን ከደረቁ አፋፍ ላይ ወፍራም ቅጠል ያለው አጭር ዛፍ አገኘችና ቅርንጫፉን ልትቀነጥስ እጇን ዘረጋች። ሽፈራው ቀድሞ ቅጠሉን ነክቶት ነበርና እጇን ያዘው።

"ተይው! ጦቢያው ነው። ወተቱ ዓይን ያጠፋል።"

"በምን አወቅህ? ሳታየው?"

"ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ዘንግ የለውም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ አገዳውን ይከበዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ እናቶቻችን ሲያስፈራሩን የኖሩበት ነው።"

እሷ ግን የሰማችው ሌላውን ነው። "ሳታየው?" ስትለው "አይቼዋለሁ" አላላትም።

መስከረም ከጠባ በኋላ በሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሄዱ፤ ሲሪንቃን አልፈው ከዳገቱ ላይ ወረዱ። ተዳፋቱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ቤዛዊት በደስታ አንድ እቅፍ ቀጥፋ መጣችና "አደይ አበባ፣ አሥራ ስድስተኛ!" ብላ ልትጽፍ ተቀመጠች።

ሽፈራው ከእቅፉ አንዱን መዘዘ። ጣቶቹን በአገዳው ላይ አሳለፈ፤ ሁለተኛውን መዘዘና እንደዚያው አደረገ።

"ሁለቱ አንድ አይደሉም" አላት። "ይሄኛው ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ አደይ ይሄ ነው። ያኛው ግን ቅጠሉ ሙሉ ነው፤ ዘንግ የለውም፤ ግርጌው አገዳውን ያቅፈዋል። ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። መጭ የሚባለው አረም ነው እሱ። ማሳ ውስጥ የሚያስቸግረው።"

ቤዛዊት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው። እውነቱን ነው። ከሩቅ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ እሷ ቢጫውን አይታ ነበር የቀጠፈችው። ከዚያ ግን ቀና ብላ አባቷን አየችው። አበባውን አላየውም ነበር። ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጣቱ ወደ አገዳው ነው። አደዩን ከፍ አድርጋ ፊቱ ፊት ያዘችለት። እሱም ሊያየው ሲል ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ ዓይኑ አበባውን አልፎ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

"አባዬ" አለች ቀስ ብላ። "ፊቴ ይታይሃል?"

ከታች አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ይሰማል። ሽፈራው እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ጆሮሽ ይታየኛል" አላት። "ፊትሽን ስፈልግ ጆሮሽን ነው የማገኘው።"

ቤዛዊት አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም፤ ግን ደሴ ሄዶ የተባለውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነገራት። ሲጨርስ አንድ ነገር ገረመው፤ ዓመት ሙሉ ሲፈራው የኖረው ነገር ተነግሮ ያለቀው አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሞልቶ እስኪነሣ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ማታውን ለበላይነሽ ነገራት። የላሟን ጡት እያጠበች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

"ጣሳውን በጣትህ ስትፈልግ አላየሁህም መሰለህ?" አለችው። "እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁህ። ቆየህብኝ እንጂ።"

በማግሥቱ ሽፈራው ወደ ድሮ የሥራ ቤቱ ሄደ። ዓሪፍ በጥቁር የፀሐይ መነጽር ሲበይድ ደረሰ። ማሽኑን አስጠፍቶ፣ ለሚስቱና ለልጁ የተናገረውን ደግሞ ለእሱ ተናገረ። ዓሪፍ መነጽሩን አወለቀ።

"ወላሂ፣ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራው ሰልችቶዎት መስሎኝ ነበር" አለ።

"ዓይኔ ባይከዳኝ ገና ስንት ዓመት እሠራው ነበር። አንተ ወልድያ ሄደህ ደኅና የፊት መከላከያ እስክታመጣ ይሄን ማሽን አታስነሣም። ቤቱ የኔ ነው።"

ዓሪፍ በዚያው ቀን ሄዶ አመጣ።

ቤዛዊት ሃያውን አበባ ይዛ ተመለሰች። መምህሯ ማሩ የሚባል ጎልማሳ ነው። የሌሎቹ ተማሪዎች መለያ ከመጽሐፉ የተቀዳ ነበር፤ የእሷ ላይ ግን "ከታች ወደ ላይ ሲዳሰስ ይወጋል"፣ "ግርጌው አገዳውን ያቅፋል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል" የሚል አገኘ። ጠርቶ ጠየቃት፤ ያለውን ነገረችው። በጥቅምት መምህሩ አሥራ አምስት ተማሪ አስከትሎ መርሳ ድረስ መጣ።

ሽፈራው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። "የተማረ ሰው ፊት ሣር ስዳስስ ልታይ?" አለ። በላይነሽ ናት ነጩን ጋቢ አልብሳ ያስወጣችው።

ወንዙ ዳር ተማሪዎቹ ተራ በተራ ያቀብሉታል፤ እሱ ይዳስሳል፤ "ዘንግ አለው"፣ "የለውም"፣ "ቅጠሉ ዘንግ አለው፣ አበባው ግን የለውም" ይላል። አንዱንም ሳይስት ሄዶ ሄዶ፣ አንዲት ደቃቅ ሰማያዊ አበባ ያላት ተክል ላይ ደረሰ። ሁለት ሦስት ጊዜ ዳሰሳት።

"ቅጠሏ ዘንግ የለውም" አለ።

መስከረም የምትባል ተማሪ ማጉያ መነጽሯን ተክሉ ላይ ደፍታ ነበር። ለመናገር ፈራች፤ መምህሯ "ተናገሪ" ሲላት "አለው፣ አባባ" አለች። "በጣም አጭር ነው እንጂ አለው። የሩዝ ፍሬ እንኳን አያክልም።"

ቤዛዊት አባቷ እንዳያፍር ፈርታ መሬት መሬት አየች። ሽፈራው ግን ተክሉን መልሶ ወሰደ፤ ይህን ጊዜ በጣቱ ሳይሆን በጥፍሩ ጫፍ ፈለገ። አገኘው። እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ አጭር መጋጠሚያ።

"አለ!" አለና ሳቀ። ቤዛዊት አባቷ እንዲያ ሲስቅ የሰማችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታወሰችም። "አለ እኮ! እኔ ነኝ ያጣሁት። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

"እኛም መጽሐፍ ይዘን በዚህ ስንሳሳት ነው የምንኖረው፣ ጋሽ ሽፈራው" አለው መምህር ማሩ። "አጭሩን የለም እንላለን። ስለዚህ ነው 'የለም' ከማለት በፊት ሁለተኛ ሰው የምናስነካው።"

ይህ ነገር ሽፈራው ልብ ውስጥ ቀረ። ሥራውን ትቶ ቤት በዋለባቸው ወራት "ከእንግዲህ ለእኔ ሥራ የለም" ብሎ ሲደመድም ማንን አስነክቶ ነበር? ማንንም። ብቻውን ደባብሶ፣ ብቻውን ፈርዶ ነበር።

ዓይኑ አልተሻለውም፤ አልባሰበትምም። ደሴ በየስድስት ወሩ ይሄዳል፤ አሁን በላይነሽ አብራው ትሄዳለች። ሣር ያጭዳል። ቤዛዊት ሌላ ትምህርት ክፍል የመቀየር ዕድል ቀርቦላት ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ስታመነታ ቆይታ፣ ምክንያቷን ለማንም ሳታብራራ እዚያው ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልና "ዛሬ ምን አገኘህ?" ትለዋለች።

በጥር ለዘመድ ተዝካር ሐራ ከተማ ሄዶ ሳለ ከአንድ አጥር ሥር ያልለመደውን ነገር ጣቱ አገኘ። አብዛኛው ቅጠል ደርቆ ረግፏል፤ ደረቁ አገዳ ላይ ግን ጠንካራ ፍሬዎች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ያለ ዘንግ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያ በጣቱ፣ ከዚያ በጥፍሩ ዘንግ ፈለገ፤ አጣ። የባላገሩን ሰው ጠየቀ፤ አንዱ አንድ ስም ይለዋል፣ ሌላው ሌላ፤ በስሙ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች አጣ። አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለቤዛዊት ላከላት። እሷ መምህሯን አሳየች፤ መምህሩ ማጉያውን ይዞ አንድ ሙሉ ከሰዓት አገላብጦት አላወቀውም። አበባውን ካላየ እንደማይናገር ገልጾ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚያውቁ ሰዎች ሰደደው። እስካሁን መልስ አልመጣም።

"ስሙ ካልታወቀ ምን ይረባሃል?" አለችው በላይነሽ።

"ዘንግ እንደሌለው ለማጣራት ዓሪፍንም አስነክቼዋለሁ፤ እሱም አላገኘም" አላት ሽፈራው። "አበባውን ደግሞ ዝናብ ሲጥል ሐራ ሄጄ አያለሁ። አብረሽኝ ትሄጂ የለ? ቀለሙን አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

በላይነሽ የወተቱን ጣሳ እያነሣች "ላሞቹን ማን ሊያልባቸው?" አለች። ትንሽ ቆይታ ግን "ለአንድ ቀን ጎረቤቴን ማሚቴን እለምናታለሁ" ብላ ወደ ሻይ ቤቶቹ ወረደች።